የከተማ ጉብኝት ዕቅድ፤ ለብቻም ሆነ ከቤተሰብ ጋር
(ካይሮን እንደ ምሳሌ)

የከተማ ጉብኝት ሲነሣ በመጀመሪያ የሚሰማው ጥያቄ «የት የት እንሂድ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ተራው ሁለተኛ ነው። አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «የሚሄደው ማን ነው?» የሚለው ነው። የቀኑ ውሎ፣ የመንገዱ ርዝመት፣ የሚወጣው ገንዘብና የሚታየው ነገር ሁሉ የሚወሰነው በዚህ ጥያቄ መልስ ነውና። በዚህ ጽሑፍ ከእስክንድርያ ተነሥቶ ካይሮን ለመጐብኘት የሚወጣ ዕቅድ እንዴት እንደሚዘጋጅ ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. መነሻው ተጓዡ ነው

በውጭ አገር በምንማር ኢትዮጵያውያን መካከል ያለው የኑሮ ሁኔታ አንድ ዓይነት አይደለም። በነፃ ትምህርት ዕድል የመጣና የወር አበል ያለው አለ፤ በራሱ ወጪ የሚማርም አለ። ወንደላጤ አለ፤ ትዳርና ልጆች ያሉትም አለ። አንዳንዶቻችንን ደግሞ እናት ወይም አባት ከአገር ቤት መጥተው ይጠይቁናል።

ዕቅዱ በወጣቱ ጉልበትና በአበል ተቀባዩ ኪስ ልክ ከተሰፋ ምን ይሆናል? ሕፃን ያዘለችው እኅታችን «ልጁ ይታመምብኛል» ብላ ትቀራለች። ገንዘብ የሌለው ወንድማችን «ፈተና አለብኝ» ብሎ ይቀራል። ማንም አትምጡ አላላቸውም፤ ዕቅዱ ራሱ ግን በሩን ዘግቶባቸዋል። ማኅበር የሁሉም ከሆነ የጋራ ጉዞ መለካት ያለበት በደካማው እግርና በቀጭኑ ኪስ ነው።

ይህ ሲባል ግን ጉልበት ያለው ሁሉ ቀኑን ሙሉ በሕፃን እርምጃ ይሂድ ማለት አይደለም። ቀኑን ለሁለት ከፍሎ ጠዋቱን የጋራ፣ ከሰዓት በኋላውን የምርጫ ማድረግ ይቻላል።

2. የጊዜ ስሌት

እስክንድርያንና ካይሮን የሚያገናኘው የባቡር ሐዲድ በ1856 የተጠናቀቀ ሲሆን በአፍሪካ የመጀመሪያው ነው። ጉዞው እንደ ባቡሩ ዓይነት ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ይወስዳል። እንግዲህ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 12 ሰዓት ብንነሣ 3 ሰዓት ገደማ ራምሲስ ጣቢያ እንደርሳለን። የመልሱ ባቡር ማታ 12 ሰዓት ላይ ነው እንበል። በእጃችን ያለው 9 ሰዓት ነው። ከዚህ ላይ፦

ሀ) ለምሳና ለዕረፍት 1 ሰዓት ተኩል፣
ለ) ለከተማ ውስጥ መጓጓዣ 2 ሰዓት፣
ሐ) ቀድሞ ጣቢያ ለመገኘት ግማሽ ሰዓት ሲቀነስ፣

ለጉብኝት የሚቀረው 5 ሰዓት ብቻ ነው። በ5 ሰዓት ውስጥ ፒራሚዶቹን፣ ሙዚየሞቹን፣ አሮጌውን ከተማና ገበያውን እናያለን የሚል ዕቅድ በወረቀት ላይ እንጂ በመንገድ ላይ አይሠራም።

3. ከተማዪቱን በክፍል ማየት

ካይሮ ሰፊ ናት፤ የመኪናዋም መጨናነቅ የታወቀ ነው። ስለዚህ የአንድ ቀን ጉብኝት በአንድ ክፍል መወሰን አለበት።

ሀ) የምዕራቡ ክፍል ጊዛ ነው። ፒራሚዶቹና በአጠገባቸው በኅዳር ወር 2025 በይፋ የተመረቀው ታላቁ የግብጽ ሙዚየም ይገኙበታል። ሙዚየሙ ብቻውን ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ለ) የደቡቡ ክፍል አሮጌው ካይሮ ነው። በሮማውያን ምሽግ በር ላይ የተሠራችው «የተንጠለጠለችው» ቤተ ክርስቲያን፣ በ642 ገደማ የተመሠረተውና በግብጽ የመጀመሪያው የሆነው የአምር መስጊድ፣ እንዲሁም የፉስጣጥ የሥልጣኔ ሙዚየም በዚህ ክፍል ናቸው።

ሐ) የምሥራቁ ክፍል አል አዝሃርና የኻን አል ኻሊሊ ገበያ ያሉበት ነው።

እዚህ ላይ የቆየ የጉብኝት መምሪያ መጽሐፍ የሚያሳስት መሆኑን እናስታውስ። በ1902 በተከፈተው የታህሪር ሙዚየም ለረጅም ዘመን ይታዩ የነበሩት የነገሥታት አስከሬኖች በሚያዝያ 2021 ወደ ፉስጣጥ ተዛውረዋል። የቱታንኻሙን ዕቃዎችም አሁን ጊዛ ናቸው። ይህን ሳያጣራ የሄደ ሰው ቀኑን በከንቱ ያጠፋል።

4. ለእኛ ምን አላት?

ካይሮ ከአገራችን ታሪክ ጋር የተያያዘችባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው፤ ሦስቱን እንጥቀስ።

የመጀመሪያው በሮዳ ደሴት ደቡባዊ ጫፍ የሚገኘው የዓባይ መለኪያ ነው። በ861 የተሠራው ይህ ጉድጓድ በመካከሉ በክንድ የተሸነሸነ የእብነ በረድ ዓምድ አለው። የውሃው ከፍታ በዓምዱ ላይ ይነበብና የዓመቱ መከርና ግብር በዚያ ይገመት ነበር። ያንን ውሃ የሚያስነሣው ደግሞ በኢትዮጵያ ደጋ የሚዘንበው የክረምት ዝናብ ነው፤ ወደ ግብጽ ከሚደርሰው የዓባይ ውሃ 85 ከመቶ ያህሉ ከአገራችን ይሄዳል። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ በ1970 ካለቀ ወዲህ ጎርፉ ካይሮ አይደርስም። ዓምዱ ግን ዛሬም ቆሟል።

ሁለተኛው አል አዝሃር ነው። በ10ኛው መቶ ዓመት በተመሠረተው በዚህ የትምህርት ቦታ ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጡ ሙስሊም ተማሪዎች የሚያድሩበት «የጀበርት ሪዋቅ» የሚባል ክፍል ነበር። የናፖሊዮንን የ1798 ወረራ በዓይኑ አይቶ የጻፈው ዕውቁ ታሪክ ጸሐፊ አብዱራህማን አል ጀበርቲ የትውልዱ ሐረግ ከዚያው ነው። በሩቅ አገር በጋራ አድሮ መማር በእኛ እንዳልተጀመረ ይህ ያስረዳል።

ሦስተኛው በዓባሲያ የሚገኘው የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ነው። በሰኔ ወር 1968 ሲመረቅ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ተገኝተዋል። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ በ1959 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስ የተሾሙት በዚችው ከተማ ነው።

5. ከልጆችና ከወላጆች ጋር

ራምሲስ ጣቢያ የወረደ ቤተሰብ ከሥሩ ካለው የሜትሮ ጣቢያ ገብቶ፣ ባቡር ሳይለውጥ፣ ማር ጊርጊስ በሚባለው ጣቢያ ከአሮጌው ካይሮ ደጃፍ ይወርዳል። በመሆኑም ልጆችና አረጋውያን ላሉበት ጉዞ የምንመርጠው የደቡቡን ክፍል ነው። የካይሮ ሜትሮ በ1987 ሲከፈት በአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። መካከል ላይ ለሴቶች ብቻ የተለዩ ፉርጎዎች ስላሉት እናቶች ሳይጋፉ መሄድ ይችላሉ። ደረጃ ስለሚበዛ ግን ለሕፃን ከጋሪ ይልቅ አንቀልባ ይሻላል።

ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱ ከባድ ነው። ወላጆችን ይዞ ለመሄድ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል። ዓርብ እኩለ ቀን መስጊዶች ለጸሎት ስለሚሞሉ የመስጊድ ጉብኝት ለዚያ ሰዓት አይያዝም፤ በረመዳን ደግሞ የሙዚየሞች ሰዓት ስለሚያጥር አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለ ምግብ ብዙ አንጨነቅም። እማማ ጾመኛ ቢሆኑም ፉል በዘይት፣ ጣዕሚያና ኮሻሪ ከየመንገዱ ዳር ይገኛሉ። ኮሻሪ ሩዝ፣ ምስርና ማካሮኒ ተደባልቆ በላዩ የቲማቲም ስጎና የተጠበሰ ሽንኩርት የሚደረግበት ነው፤ ያጠግባል፣ ዋጋውም ቀላል ነው።

6. ገንዘብ

ወጪው በአራት ይከፈላል፤ ባቡር፣ የከተማ መጓጓዣ፣ መግቢያና ምግብ። ከድምሩ ላይ አንድ አሥረኛ ለመጠባበቂያ ይጨመራል። ለውጭ አገር ዜጋ የመግቢያ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ሆኖም የተማሪ መታወቂያ ላሳየ በአብዛኞቹ የመንግሥት ሙዚየሞች በግማሽ ዋጋ ገደማ የሚሸጥ ቲኬት አለ። ብዙዎቹ ቦታዎች ጥሬ ገንዘብ ስለማይቀበሉ ከተጓዦቹ አንዱ የባንክ ካርድ መያዝ አለበት።

መዋጮው ጉዞው ሊደርስ ሲል በአንድ ጊዜ የሚጠየቅ ከሆነ ችግረኛው ይቀራል። ከሁለት ወር በፊት ተነግሮ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ቢሰበሰብ ግን ብዙው ይችላል። ያልቻለም በስብሰባ ፊት እንዲናገር አይገደድ፤ ለገንዘብ ያዡ ለብቻው ይንገር፤ ጉድለቱም ከጋራው ይሞላ። እጁ ባዶ መሆኑን በሰው ፊት ከመናገር መቅረትን የሚመርጥ ወንድም እንዳለ እናውቃለንና።

ለውይይት የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1ኛ) ባለፉት ጉዞዎች ያልተገኙት አባላት እነማን ናቸው? ያስቀራቸውስ ጊዜ፣ ገንዘብ ወይስ ልጅ?
2ኛ) ከሦስቱ የካይሮ ክፍሎች ለመጪው ጉዞ የትኛው ይመረጥ? ለምን?
3ኛ) ልጆችን በተራ የሚጠብቁ፣ ቲኬት የሚቆርጡና ስለ ቦታዎቹ አጥንተው የሚያስረዱ እነማን ይሁኑ?

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ወደ ሁለተኛው ባንሄድ ይበጃል።