ከመለያየት በኋላ የአማት ዝምድና

«ከባሌ ተለያየሁ፤ እናቱንስ ልተዋት?» ይህን ጥያቄ ያቀረበችልን በደሴ የምትኖር አንዲት ምእመን ናት። የባልዋ ወላጆች የሚኖሩት በአምባሰል፣ ከግሸን አምባ ግርጌ ነው። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ሕዝቡ ለግሸን ማርያም በዓል ወደ አምባው ሲጎርፍ እርስዋም ልጅዋን ይዛ አማትዋ ቤት ታድር ነበር። ፍርድ ቤት ካፋታቸው ወዲህ ግን በዓሉ ሲቃረብ ትጨነቃለች። ብትሄድ ወንድሞችዋ «ክብርሽን ጣልሽ» ይሏታል፤ ብትቀር ሕፃኑ «አያቴ ጋ መቼ ነው የምንሄደው?» እያለ ይጠይቃታል።

ውድ አንባብያን፣ በመጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ስለ ጋብቻ ዝምድና የምትለውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1990 የታወጀው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት የቀኖና መጽሐፍ በቁጥር 919፣ ይህ ዝምድና ከጸና ጋብቻ እንደሚመነጭና በአንደኛው ተጋቢና በሌላው የሥጋ ዘመዶች መካከል እንደሚገኝ ይደነግጋል። የመንግሥት ፍርድ ቤት ውሳኔ በቤተ ክርስቲያን ፊት የጸናውን ማሰሪያ አይፈታምና አማት በአንድ ወረቀት ባዕድ አትሆንም። ጋብቻው ከመነሻው ያልጸና እንደ ነበረ በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ቢረጋገጥ እንኳ፣ ሕፃኑ ከአያቱ ጋር ያለው የሥጋ ዝምድና አይነካም። ይሁን እንጂ ቀኖናው የሚያገለግለው የጋብቻን እክል ለመወሰን ነው፤ ስለ ቡና መጠጣት የሚለው የለም።

በዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሩት ታሪክ ይጠቀሳል። ነገር ግን ሩትን ከባልዋ የለያት ሞት ነው፤ በእርስዋና በኑኃሚን መካከልም ቂም አልነበረም። ለጥያቄያችን ይበልጥ የሚቀርበው የኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 ነው። ሙሴ ሚስቱን ሲፓራን ወደ አባትዋ ቤት መልሶ ሰድዶአት ነበር። ምክንያቱን መጽሐፉ አይነግረንም፤ ፍቺ ነበርም አይልም፤ እኛም አንልም። ዮቶር ልጁንና ሁለቱን የልጅ ልጆቹን ይዞ ወደ ምድረ በዳ በመጣ ጊዜ ግን ሙሴ ሊቀበለው ወጣ፤ ሰገደለት፤ ሳመው። በማግሥቱም ሕዝቡን ብቻውን ሲዳኝ አይቶ የመከረውን ምክር ተቀበለ። በቤቱ ውስጥ የሆነው ነገር ለአማቱ የሚገባውን ክብር አላስቀረም።

ከፍርሃት የተነሣ ዘመድን ማራቅ ለግሸን አዲስ ነገር አይደለም። ነገሥታቱ ለዙፋናቸው ፈርተው ወንድሞቻቸውን በዚያ አምባ ላይ ያግዙ ነበር። ዙፋኑ ባዶ ሲሆን ደግሞ ወራሽ ፍለጋ ወደዚያው ይላክ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1494 የነገሡት ዐፄ ናዖድ የመጡት ከዚያ ነው።

መራቅ የሚገባበት ጊዜ ግን አለ። ባል የሚደበድብ ከሆነ፣ ዘመዶቹም ሚስቲቱ የተጠለለችበትን ቤት እየጠቆሙ የሚያስደርሱት ከሆነ፣ ደጃቸውን አለመርገጥ ኃጢአት አይደለም። ያው የቀኖና መጽሐፍ በቁጥር 864 የጋራ ኑሮ ለተጋቢው ወይም ለልጆች አደገኛ ሲሆን ለመለየት በቂ ምክንያት እንደሚሆን ይናገራል። እንዲህ ያለችውን ሴት «ትዕግሥት አጣሽ» እያሉ የሚመልሱ ሽማግሌዎች አጋጥመውናል፤ ተሳስተዋል። ትምህርተ ክርስቶስ የምታስተምሩ ወንድሞችና እኅቶችም ምክር ከመስጠታችሁ በፊት ይህን ለይታችሁ ጠይቁ።

አደጋ በሌለበት ስፍራ ግን ቂሙ የማን እንደ ሆነ መመርመር ያሻል። ር.ሊ.ጳ. ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ቤተሰብ ፍቅር ባወጡት መልእክት፣ በቁጥር 245፣ የተለያዩ ወላጆች ልጃቸውን መያዣ እንዳያደርጉ አጥብቀው አሳስበዋል። አያቱን የተነፈገ ሕፃን ያልበደለውን ይክሳል።

ይህችን እናት ባልዋ መትቶአት አያውቅም፤ አማትዋም በወለደች ጊዜ አርሳታለች። ስለዚህ በበዓሉ ግርግር መካከል ከእርሱ ጋር እንዳትገናኝ ሌላ ቀን እንድትመርጥ፣ አስቀድማ መልእክት እንድትልክ፣ የንብረቱን ክርክር ግን በዚያ ቤት እንዳታነሣ መከርናት። በጥቅምት ወር ሄደች። አሮጊቲቱ ሕፃኑን አቅፈው አለቀሱ፤ ስለ ልጃቸው አንድ ቃል ሳይናገሩም ቡና አፈሉ። ወንድሞችዋ ግን እስከ ዛሬ አኩርፈዋታል።