የርግብ አተር፦ ለጠባብ ጓሮ፣ ለሩቅ ገበያ

የወላይታዋ ጉኑኖ ሕዝቧ ብዙ፣ መሬቷ ጠባብ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ የተተከለባትም ቀዩ አፈሯ ምን ያህል እንደሚሸረሸር ለመለካት ነበር።

ለእንዲህ ያለ ጓሮ የርግብ አተር ይስማማል። አንዴ ከተዘራ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ሥሩ ጠልቆ ድርቅን ይቋቋማል፤ ናይትሮጅን ከአየር ስለሚስብ የዩሪያን ወጪ ይቀንሳል። ፍሬው ለወጥ፣ ቅጠሉ ለከብት፣ ግንዱ ለማገዶ ይሆናል። ውሃ የሚተኛበት መሬት ግን አይወድም።

ነጋዴውን የሚያሳስበው ሌላ ነው። ዋነኛዋ ገዥ ህንድ በ2017 እ.ኤ.አ. የዓመት ግዢዋን በ200 ሺህ ቶን ስትገድብ፣ በታንዛኒያ የገበሬው ዋጋ አሽቆለቆለ። ገደቡ የተነሳው በ2021 ነው። አራት ዓመት ማለት የአንድ ተክል ዕድሜ ያህል ነው! ስለዚህ ለኤክስፖርት የሚሰበስብ ሁሉ አስቀድሞ የኒው ዴልሂን መመሪያ ይጠይቅ፤ ለጓሮው የሚተክል ግን ቢያንስ ማገዶውና መኖው አይቀርበትም።