መድኃኒቱን ከመጣልሽ በፊት

የማረጥ ጊዜ የሆርሞን ሕክምና ጀምረሽ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ጡትሽ ተወጥሮ፣ ሆድሽ ተነፍቶ፣ ራስሽን እየወቀረሽ «ይሄ ነገር ለእኔ አልተስማማኝም» ብለሽ ልታቆሚው ለተነሳሽው እህቴ ነው የዛሬው ጽሑፌ። አይዞሽ! ብቻሽን አይደለሽም። የሚሰማሽም እውነተኛ ሕመም ነው፤ ደግሞም መላ አለው።

በቅድሚያ እስካሁን የመጣሽበት መንገድ ቀላል እንዳልሆነ እወቂልኝ። ማረጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ይመጣል። በዚህ ዕድሜ ያለች የእኛ ሴት ልጅ ትድራለች፣ የታመመ ወላጅ ታስታምማለች፣ ሥራ ትገባለች፣ ለቅሶ ትደርሳለች። ሌሊቱን ላብ ሲያጠምቃት ጋቢዋን ስትገፍ፣ መልሳ ስትስብ አድራ፣ ጠዋት «እንዴት አደርሽ?» ስትባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ታልፋለች። አንቺ ግን ሐኪም ፊት ቁጭ ብለሽ «እንቅልፍ የለኝም፣ ድንገት ፊቴ ይግላል፣ ያለ ምክንያት ሆድ ይብሰኛል» ብለሽ ተናገርሽ። ይህን አፍ አውጥቶ መናገር ድፍረት ይጠይቃል። ያን ድፍረት አሁንም ትፈልጊዋለሽ።

ሰውነትሽ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን እየቀነሰበት፣ ያንኑ ማነስ እየለመደ ከርሟል። ሕክምናው ሆርሞኑን ሲመልስለት ጡትም፣ ማህፀንም፣ ሆድም እንደገና መልመድ ይጀምራሉ። የጡት መወጠሩ፣ ማቅለሽለሹ፣ የሆድ መነፋቱ፣ የባት መሸማቀቁ፣ ጣል ጣል የሚለው ደም አብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ነው። በብዙ ሴቶች ዘንድ በሦስት ወር ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ሐኪሞች በሦስት ወሩ ተመለሺ የሚሉትም ለዚህ ነው፤ መጠኑና ዓይነቱ ላንቺ መስማማቱ በደንብ የሚለየው ያን ጊዜ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ያቆመች ሴት መድኃኒቱን ገና አልሞከረችውም ማለት ይቻላል።

ሦስት ወር ጠብቂ ስልሽ ግን ጥርስሽን ነክሰሽ ቻዪው ማለቴ አይደለም። ቻይነት በእኛ ዘንድ ትልቅ ምስጋና ነው፤ እናቶቻችን በዚሁ ተመስግነው አልፈዋል። በሕክምና ውስጥ ግን ዝም ብላ የምትችለዋና ዝም ብላ የምታቆመዋ አንድ ናቸው፤ ሐኪሟ የሁለቱንም አያውቅምና ሁለቱንም ሊረዳ አይችልም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚባለው ለመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳትም ይሠራል። ይህ ሕክምና እየተስተካከለ የሚሄድ ሕክምና ነው። መጠኑ ይቀነሳል፣ ዓይነቱ ይለወጣል፣ በኪኒን የነበረው በቆዳ ላይ በሚለጠፍ ወይም በሚቀባ ይተካል። የሚስተካከለው ግን አንቺ በምትናገሪው ልክ ነው።

አንዲት የሰፈሬ ባለሱቅ ይህን በተግባር አሳይታኛለች። የዱቤ ደብተሯን ከጀርባ ገልብጣ፣ በየማታው ሱቋን ስትዘጋ አንድ መስመር ትጽፍ ነበር። «ማክሰኞ፦ ራስ ምታት፣ ከሰዓት በኋላ። ረቡዕ፦ ደህና። ሐሙስ፦ ሆድ ባሰኝ፣ ልጄን ያለ ጥፋቷ ተቆጣሁ።» ከፊት ዘይትና ስኳር የወሰደ ሰው ስም፣ ከኋላ የራሷ ገላ ሒሳብ። ቀጠሮዋ ሲደርስ ደብተሩን ይዛ ሄደች። ሐኪሟ ገጾቹን ሲያገላብጥ ነገሩ ወለል ብሎ ታየ፦ ራሷን የሚያማትና ሆድ የሚብሳት ሁለተኛውን ኪኒን በምትወስድባቸው ቀናት ብቻ ነበር።

ማህፀኗ ያልወጣ ሴት ሁለት ሆርሞን ነው የሚሰጣት። ኤስትሮጅኑ ሙቀቱን፣ ላቡንና የእንቅልፍ እጦቱን ያስታግሳል፤ ሁለተኛው፣ የፕሮጄስትሮን ወገን የሆነው፣ ማህፀኗን ይጠብቃል። ይህ ሁለተኛው በአንዳንዱ አወሳሰድ በየቀኑ፣ በሌላው ደግሞ በወር ለ12 ወይም ለ14 ቀን ይወሰዳል። ስሜት የሚቀያይረውና ራስ የሚያሳምመው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። የባለሱቋ ሐኪም ታዲያ ሕክምናውን አላስቆማትም። ሰውነት ራሱ ከሚያመነጨው ፕሮጄስትሮን ጋር አንድ በሆነ ዓይነት ለወጠላትና ማታ ልትተኛ ስትል እንድትውጠው አዘዛት። ይህኛው ድብት ያደርጋል፤ ማታ ሲወሰድ ድብታው ለእንቅልፍ ይሆናል። ለዓመታት ሌሊቱን ስትገላበጥ ለኖረች ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ስለዚህ ደብተር ያዢ። የስልክሽ ማስታወሻም ይሆናል። የዋጥሽበትን ሰዓት፣ የተሰማሽን፣ ደም ካየሽም ምን ያህል እንደሆነ ጻፊ። ሐኪም ቤት ወረፋ ጠብቀሽ በምታገኚያት አጭር ጊዜ ውስጥ «ያመኛል» ከማለት ይልቅ «በዚህ ሰዓት፣ እንዲህ ሆኜ፣ ይህን ያህል ጊዜ» ማለት ትችያለሽ።

እስከ ቀጠሮሽ ድረስ ቤትሽ ውስጥ የምታደርጊው ብዙ አለ። ማቅለሽለሽ ካለብሽ ኪኒኑን በባዶ ሆድ አትዋጪ። እዚህ ላይ የጾም ነገር ይመጣል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ ጠዋት በባዶ ሆድ ከመዋጥ ከምግብ በኋላ ወይም ከራት ጋር መውሰድ ይቻል እንደሆነ ሐኪምሽን ጠይቂ። በረመዳን ለምትጾሚውም እንዲሁ ከኢፍጣር በኋላ። ሰዓቱን አንዴ ከመረጥሽ ግን በየቀኑ እዚያው ላይ ጽኚ። ጾሙን ሰበብ አድርገሽ ለሳምንታት ማቋረጥና እንደገና መጀመር ሰውነትሽን ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ሳምንት ላይ ያስቀምጠዋል። የረሳሽው ቀን ካለም በማግስቱ ደርበሽ አትዋጪ።

ሆድ መነፋቱን በተመለከተ ፍርድሽን አትቸኩይበት። ሽሮውም፣ ባቄላውም፣ ጎመኑም ራሱ ይነፋል፤ ሁሉን በመድኃኒቱ አታመካኚ። ጨው ቀንሺ፣ ውኃ ጠጪ፣ ከራት በኋላ ትንሽ ተራመጂ። ባትሽን የሚሸመቅቅሽ ከሆነ ከመተኛትሽ በፊት ግድግዳ ተደግፈሽ ተረከዝሽን ሳታነሺ ባትሽን ሳቢው። ለጡት መወጠር በልክሽ የሆነ፣ ደግፎ የሚይዝ ጡት መያዣ ቀን ብቻ ሳይሆን ሌሊትም ያሳርፋል። እርምጃሽን አታቋርጪ፤ ከማረጥ በኋላ አጥንት ስለሚሳሳ በእግር መሄድ ለእሱም ይጠቅማል። ቡናውንም ቢሆን ሙቀቱን የሚቀሰቅስብሽ ከሆነ ከአቦሉ በኋላ ያሉትን ቀንሺና ልዩነቱን ደብተርሽ ላይ እዪው። ውፍረትን ከፈራሽ ደግሞ፣ የሆርሞን ሕክምና እንደሚያወፍር የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ የለም። በዚህ ዕድሜ ክብደት መጨመር መድኃኒቱን በማይወስዱትም ላይ ይታያል።

የሚለጠፈውን የምትጠቀሚ ከሆነ ቦታው ወሳኝ ነው። ከወገብ በታች፣ መቀመጫሽ ላይ ወይም ታችኛው ሆድሽ ላይ ይለጠፋል፤ ጡት ላይ በፍጹም አይደረግም። ገላሽን ታጥበሽ ቫዝሊን ወይም ሎሽን የተቀባሽበት ቆዳ ላይ አይዝም፤ ስለዚህ ያን ቦታ ሳትቀቢ ተዪው። በቀየርሽ ቁጥር ቦታ አፈራርቂ፤ ቆዳሽ የሚቀላውና የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ እዚያው እዚያው ላይ ሲደጋገም ነው። ጄል ከሆነ እስኪደርቅ ታገሺና ከዚያ ልበሺ፤ የተቀባሽበትን ቆዳም ወዲያው ሕፃን እንዳይነካው ተጠንቀቂ። ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ ለጠናባት ሴት ከኪኒን ወደ እነዚህ መለወጥ ብዙ ጊዜ ትልቅ እፎይታ ነው፤ በጨጓራ በኩል አያልፉምና፣ ሆርሞኑም በደም ውስጥ ሳይዋዥቅ ይቆያል።

አሁን ልቤን ወደሚያስጨንቀው ነገር ልግባ። በሻንጣ ስለሚመጣው መድኃኒት ነው። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የምትመጣ እህት «እኔን አድኖኛል» ብላ የራሷን መድኃኒት ለአገር ቤት እህቷ ታካፍላለች። በፍቅር ነው፤ ፍቅሯን አልነቅፍም። ነገር ግን የእሷ ማህፀን በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ከሆነ የሚሰጣት ኤስትሮጅን ብቻውን ሊሆን ይችላል። ማህፀን ያላት እህቷ ያንኑ ብቻውን ከወሰደችው የማህፀኗ ግድግዳ ይወፍራል፤ ለማህፀን ካንሰርም ያጋልጣታል። ይህ በፈረንጆቹ 1975 በታተሙ ጥናቶች ከታወቀ ቆይቷል፤ ሁለተኛው ሆርሞን የተጨመረውም በዚህ ምክንያት ነው። የምትወጃትን እህትሽን መርዳት ከፈለግሽ የሐኪም ክፍያዋን ላኪላት። ፋርማሲ የምትፈልጊው ዓይነት ከጠፋም ባለሙያው በምን ሊተካ እንደሚችል ሐኪምሽን ያማክር እንጂ አንቺ በግምት አትተኪው።

«ካንሰር ያመጣል ሲሉ ሰምቻለሁ» የምትዪኝ አትጠፊም። ወሬው መነሻ አለው። በፈረንጆቹ ሐምሌ 2002 አሜሪካ ውስጥ 16,608 ሴቶች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት፣ ሁለቱን ሆርሞን አጣምረው የሚወስዱት ላይ የጡት ካንሰርና የደም መርጋት ስለጨመረ ከጊዜው በፊት ቆመ። በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ሴቶች በድንጋጤ መድኃኒታቸውን ጣሉ። የጡት ካንሰሩ ጭማሪ በዓመት ከ10,000 ሴቶች 8 ገደማ ነበር። የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ ደግሞ 63 ነው፤ ማለትም አብዛኞቹ ካረጡ ዓመታት አልፏቸዋል። ኋላ ላይ ውጤቱ በየዕድሜው ተለይቶ ሲታይ፣ ዕድሜያቸው ከ60 በታች ለሆነ ወይም ካረጡ 10 ዓመት ላልሞላቸው፣ የሚከለክላቸው ሌላ ሕመም ለሌለባቸው ሴቶች ጥቅሙ በአብዛኛው ከጉዳቱ እንደሚያመዝን ሐኪሞች ተስማሙ። አደጋው ዜሮ ነው አልልሽም። የጡት ካንሰር የነበረባት፣ ደሟ የረጋባት፣ ጉበቷን የታመመች ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈስሳት ሴት ይህን ሕክምና ከመጀመሯ በፊት ሐኪሟ ሁሉንም ማወቅ አለበት። ያንቺን ጉዳይ የሚፈርደው ያንቺ ታሪክ ነው፤ ቡና ላይ የተነሳው የሌላ ሴት ታሪክ አይደለም።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ምልክቶችም አሉ። አንድ እግርሽ ብቻ ካበጠና ካመመሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ከዚህ በፊት አይተሽው የማታውቂው ኃይለኛ ራስ ምታት ድንገት ከመጣ፣ ዓይንሽን ከጋረደሽ ወይም አንደበትሽ ከተሳሰረ፣ ሌሊትም ይሁን በዓል ወዲያው ሆስፒታል ሂጂ። ደም ጣል ጣል ማለቱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የተለመደ ነው፤ ከስድስት ወር በኋላም ከቀጠለ፣ ወይም ቆሞ ቆይቶ ከተመለሰ፣ ወይም ከበዛ ግን መታየት አለበት።

ሁሉም ተሞክሮ አልሆን ካለሽስ? ከሐኪምሽ ጋር ተማክረሽ ማቆም ሽንፈት አይደለም። ችግርሽ የብልት መድረቅ ብቻ ከሆነ እዚያው የሚደረግ አነስተኛ መጠን ያለው ኤስትሮጅን አለ። ሆርሞን የሌላቸው ለሙቀትና ለላብ የሚሰጡ መድኃኒቶችም አሉ፤ ፌዞሊኔታንት የተባለው አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ 2023 ተፈቅዷል። በሩ አንድ ብቻ አይደለም።

ቤተሰብሽንም አስገቢያቸው። ባልሽ ፊትሽ ሲጠቁር እሱን የጠላሽው እየመሰለው ዝም ብሎ ተቀምጦ ይሆናል። «መድኃኒት ጀምሬያለሁ፣ እስክለምደው ትንሽ እነጫነጭ ይሆናል» በዪው። ለሴት ልጅሽም ንገሪያት፤ ነገ የእሷ ተራ ሲደርስ እንዳንቺ በድንግዝግዝ እንዳትገባበት።

እንግዲህ እህቴ፣ ዛሬ ማታ የመጀመሪያዋን መስመር ጻፊ። ቀጠሮሽ ሩቅ ከሆነና ጉዳቱ ከበረታብሽ ደውለሽ አስቀርቢው። ሐኪሙ ፊት ስትቀመጪ ደብተርሽን ጠረጴዛው ላይ ዘርጊና የሚያምሽን ሁሉ፣ የሚያሳፍርሽንም ጭምር፣ አንድ ሳታስቀሪ ንገሪው።