የሰባራ ድልድይ ነገር

ሞጣ ገበያ የዋለ ሰው ሰባራ ድልድይን ሳይሰማ አይቀርም። ድልድዩ ያለው ዓባይ ላይ ነው። ከወዲህ ጎጃም፣ ከወዲያ በጌምድር። በአፄ ፋሲል ዘመን ተሠራ ይባላል። ታዲያ ዕድሜው ከ350 ዓመት በላይ ነው ማለት ነው። የተገነባው በድንጋይና በኖራ ነው።

ስሙ ለምን ሰባራ ሆነ? ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ፣ ጠላት እንዳይሻገርበት አርበኞች መካከሉን አፈረሱት። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፤ ድልድዩ ግን እንደተሰበረ ቀረ። ከዚያ ወዲህ 60 ዓመት ያህል ሰው በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያና ከወዲህ በቆሙ ጎበዞች እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ከታች ዓባይ ነው! በ1994 ዓ.ም. ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ ይህን በመጽሔት ፎቶግራፍ አይቶ መጣና ከአገሬው ጋር ክፍተቱን አጋጠመው። በ1997 ዓ.ም. ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው። በ2001 ዓ.ም. ሌላ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

እንግዲህ አንድ ሰው ተነሥቶ «አሮጌውን ድልድይ እንጠግን» ቢል፣ ሲሚንቶ ገዝቶ መጀመር ይችላል? አይችልም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ማንኛውም የቅርስ ጥገና አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል። «ወንዝ ሰው እየበላ ምን ፈቃድ እጠይቃለሁ?» የሚል ይኖራል። ቁጣው እውነት አለው። ነገር ግን ልብ እንበል። ኖራ ለስላሳ ነው፤ ግንቡ ውስጥ የገባውን ውሃ ቀስ እያለ ያስወጣል። ሲሚንቶ ግን ደረቅ ነው፤ ውሃው መውጫ ያጣል። ያን ጊዜ የሚፈረካከሰው ሲሚንቶው ሳይሆን አሮጌው ድንጋይ ነው። ለበጎ ብሎ የለጠፈ ሰው፣ ጎርፍ ያላፈረሰውን ያፈርሳል። ፈቃድ ማለት እንግዲህ አዋቂ አስቀድሞ ይየው ማለት ነው።

ጥያቄው በወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይጀመራል። በማመልከቻው ላይ ቅርሱ የት እንዳለ፣ ምኑ እንደፈረሰ፣ በምን ሊጠገን እንደታሰበና ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ይጻፋል። ሽማግሌዎች የሚያስታውሱትም ቢጻፍ ይጠቅማል። ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ከሆነ መንግሥት ከፊሉን ሊሸፍን እንደሚችል አዋጁ ይናገራል፤ ስለዚህ አቅም ማነሱን መጻፍ አያሳፍርም። ቀንና ፊርማ አይረሳ። አንድ ቅጂ በእጅ ይቅር፤ ወረቀት ቢሮ ውስጥ መጥፋቱ እንግዳ ነገር አይደለምና። ድሮ ይህን ሁሉ ለማጻፍ ለጸሐፊ ይከፈል ነበር። አሁን አንባቢው ራሱ ይጽፈዋል።

መልሱ ሊዘገይ ይችላል። እስከዚያው የወደቀውን ጥርብ ድንጋይ ለቤት መሠረት የሚወስድ እንዳይኖር መንደሩ ይጠብቅ። ፈቃዱ የመጣ ዕለት ግንበኛው መጀመሪያ የሚፈልገው እሱኑ ነው።