በተቀረጸ የእንጨት ሰሌዳ ላይ በእሳት የጠቆረ መልክ ስለ ማውጣት

የሱቅ ስም የተቀረጸበት የእንጨት ሰሌዳ፣ ፊደሉ በእሳት ጠቁሮ ሜዳው የእንጨቱን መልክ እንደ ያዘ ሲታይ ከሩቅ ይነበባል። ብዙ ነጋዴዎች ይህን መልክ ለማግኘት የጋለ ብረት በየፊደሉ ማስነካት የግድ ይመስላቸዋል፤ ሥራው ግን ከዚህ የቀለለ ነው።

አስቀድሞ ፊደሉ በመሮ ጠለቅ ተደርጎ ይቀረጻል። ቀጥሎም ከቤት ውጭ፣ ውሃ በአጠገብ ተቀምጦ፣ የሰሌዳው ፊት በሙሉ በጋዝ ነበልባል ይጠቁራል፤ ነበልባሉ በአንድ ስፍራ ሊቆም አይገባውም። ሲበርድ ልሙ ከሰል በሽቦ ብሩሽ ይጠረጋል። ከዚያም የብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ተጠቅልሎ ሜዳው ይፋቃል። ወረቀቱ ወደ ጎድጓዳው ስለማይደርስ ፊደሉ እንደ ጠቆረ ይቀራል፤ ምስጢሩ ይኸው ነው።

እንጨቱ በደንብ የደረቀ ይሁን። የአሠሪዬን ሰሌዳ ባሠራሁ ጊዜ በርካሽነቱ ተታልዬ ርጥብ ዝግባ ገዛሁ፤ በሁለተኛው ወር «ስ» የሚለው ፊደል ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ዋጋውም ከደመወዜ ተቆረጠ። አሮጌ ቀለም የተቀባ ሳንቃም ፈጽሞ በእሳት አይነካ፤ በቀለሙ ውስጥ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል ጢሱ መርዝ ይሆናል።

በመጨረሻ የተልባ ዘይት ይቀባል። ዘይቱን የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ በመጋዘን ጥግ ከተጣለ ግን ክብሪት ሳይነካው ሊቀጣጠል ይችላል። ዘይቱ ከአየር ጋር ሲዋሐድ ይሞቃል፤ የተጠቀለለውም ጨርቅ ሙቀቱን አፍኖ ያኖረዋል። ስለዚህ ጨርቁ ወይ በውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ፣ ወይም ውሃ በተሞላና ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ይነከር።