የማይድን በሽተኛን በወረርሽኝ ጊዜ ማስታመም

ካንሰር ወይም ሌላ የጸና ሕመም ያለበት ሰው «ከእንግዲህ የሚደረግለት የለም» ተብሎ ከሆስፒታል ሲመለስ ሕመሙ፣ ጥማቱና ፍርሃቱ አብረውት ይመለሳሉ። እነዚህን ማስታገስ ራሱ ሕክምና ነው፤ አብዛኛውም ቤት ውስጥ ባለ ነገር ይሠራል።

እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ ወደ ኬንያ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያዎች ሲገባ «ራቁ፣ አትቅረቡ» ብለን አስተማርን። በሽተኛን እንዴት መቅረብ እንደሚቻል ግን በበቂ አላስረዳንም። ምግብ ደጃቸው ላይ እየተቀመጠላቸው ብቻቸውን የሰነበቱ አረጋውያን ነበሩ።

እንዲህ ያለ ወረርሽኝ ሲነሣ ቤተሰቡ አንድ ጤነኛ አስታማሚ ይምረጥ። አስታማሚው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፤ በሽተኛውን ከመንካቱ በፊትና በኋላ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ጠያቂ ከደጅ ሆኖ በመስኮት ያነጋግር፤ «እግዜር ይማርዎ» የሚለው ድምፅ አይቅር።

ትንፋሽ ያጠረውን በጀርባው አታስተኙት፤ በትራስ ወይም በተጠቀለለ ብርድ ልብስ ደግፋችሁ ቀና አድርጉት። የከሰል ምድጃና ዕጣን ከክፍሉ ይውጣ። ማራገቢያ ተሕዋስያኑን ስለሚያሰራጭ መስኮት መክፈት ይሻላል። መነሣት የማይችለውን በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡት። አፉ ሲደርቅ በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ አርጥቡለት። ምግብ እንቢ ካለ አታስገድዱት። (ጉርሻ ለለመድን ለእኛ ይህ ከባድ ነው፤ ነገር ግን የደከመን ሰው ጉርሻ ሊያንቀው ይችላል።)

አረጋውያን «እንዴት አደሩ?» ሲባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ሕመማቸውን ይሸሽጋሉ። «ሌሊት ስንት ጊዜ ነቁ? የትጋ ይጠዘጥዝዎታል?» ብላችሁ ጠይቁና ለጤና ሠራተኛው ንገሩ። ፓራሲታሞል ለማይበቃው ሕመም ሞርፊን አለ። በኡጋንዳ ከ1993 ጀምሮ ዱቄቱ በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ሆኖ ለበሽተኞች ሲሰጥ ቆይቷል፤ በ2004 ደግሞ የሠለጠኑ ነርሶችም እንዲያዙት ሕጉ ፈቀደ። በታዘዘው ልክ ሲሰጥ የትንፋሽ ማጠርንም ያቀላል። «ሱስ ያስይዛል» ብለው ጠርሙሱን የሚደብቁ ቤተሰቦች አሉ፤ በሽተኛው ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት ያድራል። ለሕመም ታዝዞ በልኩ ለሚሰጠው ሰው ይህ ስጋት እምብዛም ነው። ሆድ ማድረቁ ግን እውነት ስለሆነ አብሮ የሚታዘዘውን ማለስለሻ አታስቀሩ። መጠኑን በራሳችሁ አትጨምሩ፤ ከልጆች እጅ አርቁት። እንቅልፉ ከብዶ አልነቃ ካለ ቶሎ ክሊኒክ አስታውቁ። በወረርሽኝ ጊዜ መንገድ ሊዘጋ ስለሚችልም መድኃኒቱ እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ ጠርሙሱ ግማሽ ሲደርስ ተናገሩ።