በውል ላይ ያለን ተጫዋች በድብቅ ማግባባት፦ ከዲላና ከገደብ አንጻር የታየ የሕግ ጥያቄ

መግቢያ

በጌዴኦ ዞን ደቡባዊ ክፍል በገደብ ወረዳ ኳስ መጫወት የጀመረ ወጣት ወደ ክለብ ደረጃ ለመድረስ ከሚያገኛቸው ቅርብ በሮች አንዱ የዲላው ክለብ ጌዴኦ ዲላ ነው። ክለቡ በወንዶች በከፍተኛ ሊግ፣ በሴቶች ደግሞ በፕሪሚየር ሊግ ተሳትፏል። እንዲህ ላለ ክለብ ከተጫዋቾቹ ጋር የገባው ውል ዋና ሀብቱ ነው። የተሻለ በጀት ያለው ሌላ ክለብ ውሉ ሳያልቅ ተጫዋቹን በስልክ ወይም በደላላ በኩል ቢያግባባው፣ የዲላው ክለብ ተጫዋቹን፣ ሊያገኝ ይችል የነበረውን የዝውውር ክፍያና የዓመቱን ዕቅድ በአንድ ጊዜ ሊያጣ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ድርጊቱን የሚከለክሉትን ድንጋጌዎች ይመረምራል። የሚያቀርበውም መከራከሪያ ክልከላው በኢትዮጵያ ውስጥም አስገዳጅ መሆኑን፣ ጉድለቱ ያለው ግን በቅጣቱ ልክና በማስረጃ አያያዝ ላይ መሆኑን ነው።

ማሳወቅና ማስፈቀድ

የፊፋ የተጫዋቾች ደረጃና ዝውውር ደንብ አንቀጽ 18(3) አንድ ክለብ ከፕሮፌሽናል ተጫዋች ጋር ለመዋዋል ሲያስብ፣ ድርድር ከመጀመሩ በፊት የተጫዋቹን ክለብ በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ ይጥልበታል። ተጫዋቹ ከሌላ ክለብ ጋር ለመዋዋል ነጻ የሚሆነው ውሉ ሲያልቅ ወይም ለማለቅ 6 ወራት ወይም ከዚያ ያነሰ ጊዜ ሲቀረው ነው።

ይህ ድንጋጌ በሁለት መልኩ በስሕተት ሲተረጎም ይታያል። አንደኛው የነባሩ ክለብ ፈቃድ የግድ ያስፈልጋል የሚለው ነው፤ ደንቡ ግን የሚጠይቀው ማሳወቅን እንጂ ማስፈቀድን አይደለም። ሁለተኛው በመጨረሻዎቹ 6 ወራት ማሳወቅም አያስፈልግም የሚለው ነው፤ ተጫዋቹ ለመፈረም ነጻ ቢሆንም ጠያቂው ክለብ የማሳወቅ ግዴታው አይቀርለትም። ለምሳሌ ከዲላ ክለብ ጋር ያለው ውል ሰኔ 30 የሚያልቅ ተጫዋች ቢኖር፣ ከጥር 1 ጀምሮ ለሚቀጥለው ዓመት ከሌላ ክለብ ጋር መፈረም ይችላል። ፈላጊው ክለብ ግን በጥርም ቢሆን ከንግግሩ በፊት ለዲላው ክለብ ደብዳቤ መጻፍ አለበት። በኅዳር የተደረገ ድብቅ ድርድር ደንቡን ይጥሳል፤ በኅዳር የተፈረመ ውል ደግሞ ጥሰቱን የከበደ ያደርገዋል።

ሁለት የተለያዩ ጥፋቶች

ተጫዋችን በድብቅ ማነጋገርና ውሉን እንዲያፈርስ መገፋፋት ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ድርጊት ቢታዩም በሕግ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ተጫዋቹ በክለቡ ቢቆይም ጥፋት ነው። የአሽሊ ኮል ጉዳይ ይህን ያሳያል። የአርሰናሉ ተከላካይ በጥር ወር 2005 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በአንድ ሆቴል ከቼልሲ ሰዎች ጋር ተገናኝቶ ነበር። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ደንብ ከፊፋው ጠንከር ብሎ የነባሩን ክለብ የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል። በዚህም መሠረት ቼልሲ 300,000 ፓውንድ እንዲከፍል ሲወሰንበት፣ በተጨማሪም አፈጻጸሙ የታገደ የ3 ነጥብ ቅነሳ ተጣለበት። በአሠልጣኙ ጆዜ ሞሪንሆ ላይ 200,000፣ በተጫዋቹ ላይ ደግሞ 100,000 ፓውንድ ተወስኖ፣ ሁለቱም በይግባኝ ወደ 75,000 ዝቅ ብሏል። ኮል ቼልሲን የተቀላቀለው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቅጣቱ ሲወሰን ገና የአርሰናል ተጫዋች ነበር።

ሁለተኛው ጥፋት በአንቀጽ 17 ሥር ይወድቃል። ተጫዋቹ ውሉን የፈረመው 28 ዓመት ሳይሞላው ከሆነ የመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ልዩ ጥበቃ አላቸው። በዚህ ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት ውሉን ያፈረሰ ተጫዋች ካሳ ከመክፈሉ በተጨማሪ 4 ወራት ከጨዋታ ሊታገድ ይችላል። የገፋፋው ክለብ ደግሞ ለሁለት ተከታታይ የዝውውር ወቅቶች አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ ይከለከላል። ግብጻዊው ግብ ጠባቂ ኢሳም ኤል ሐዳሪ በ2008 እ.ኤ.አ. ከአል አህሊ ወደ ስዊዘርላንዱ ሲዮን በሄደ ጊዜ ሁለቱም እነዚህ ቅጣቶች ተጥለዋል።

ልዩነቱ በቅጣቱ ላይ ጎልቶ ይታያል። አንቀጽ 17 ቅጣቱን በወራትና በዝውውር ወቅቶች ሲለካ፣ አንቀጽ 18(3) ጥሰቱ «ተገቢ ቅጣት» እንደሚያስከትል ብቻ ይናገራል። ተገቢው ምን ያህል እንደሆነ አይገልጽም።

ድንጋጌዎቹ በኢትዮጵያ

የፊፋ ደንብ አንቀጽ 1(3) በአገር ውስጥ ዝውውር ላይ የብሔራዊ ፌዴሬሽኖችን ሥልጣን በሁለት ይከፍላል። አንቀጽ 18 ሳይለወጥ በብሔራዊው ደንብ ውስጥ እንዲካተት ከሚገደዱት ድንጋጌዎች አንዱ ነው። አንቀጽ 17 ግን እያንዳንዱ ፌዴሬሽን የአገሩን ሕግ አክብሮ ሊያስብባቸው ከሚገቡ መርሖች መካከል ይመደባል። ስለዚህ የማሳወቅ ግዴታው ዲላ ላይም እንደ ዙሪክ ይሠራል፤ የቅጣቱ ጥንካሬ ግን በኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ደንብና አፈጻጸም ላይ የተመሠረተ ነው።

የአገሪቱ ሕግም ለክልከላው መሠረት አለው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1731 ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ እንደሚጸና ይደነግጋል። በቁጥር 2056 ደግሞ በሌሎች ሰዎች መካከል ውል መኖሩን እያወቀ ከአንደኛው ጋር በመዋዋል የመጀመሪያው ውል እንዳይፈጸም ያደረገ ሦስተኛ ወገን ጥፋተኛ እንደሚሆን ያመለክታል። ይሁንና ይህ ድንጋጌ የሚይዘው ሁለተኛ ውል ሲኖርና የፊተኛው ሊፈጸም ሳይችል ሲቀር ነው። በንግግር ብቻ የቀረ ማግባባት ከቁጥር 2056 ውጭ ነው፤ ያንን ክፍተት የሚሸፍነው የስፖርቱ ደንብ ነው። የእግር ኳስ ተቋማት ክርክሮች በራሳቸው የዳኝነት አካላት እንዲታዩ ስለሚሹም፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ይበልጥ የሚጠቅመው የፌዴሬሽኑን ደንብ ለመተርጎም ነው።

ሌላ ውጥረትም አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በመስጠት ሥራውን እንዲለቅ ይፈቅዳል። የተጫዋች ውል በዚህ አዋጅ ሥር ይወድቃል ከተባለ፣ ውል በውድድር ዘመን መካከል አይቋረጥም ከሚለው የእግር ኳስ መርሕ ጋር ይጋጫል። የፌዴሬሽኑ ደንብ ይህን ግንኙነት በግልጽ ካላስቀመጠ፣ ገፋፊው ክለብ «ተጫዋቹ በሕግ የተሰጠውን መብት ተጠቅሟል» የሚል መከላከያ ያገኛል።

የማስረጃ ሸክም

ቀደም ሲል ውሉን ያለ በቂ ምክንያት ያፈረሰን ተጫዋች ያስፈረመ ክለብ፣ ተቃራኒው ካልተረጋገጠ በቀር፣ እንደ ገፋፊ ይገመት ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በላሳና ዲያራ ጉዳይ በጥቅምት 4 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. የሰጠው ፍርድ ይህንን ግምት ተቸ። ፊፋም ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ጊዜያዊ ማሻሻያ ግምቱን አንሥቶ፣ መገፋፋቱ በእያንዳንዱ ጉዳይ ፍሬ ነገር እንዲረጋገጥ አደረገ።

ለውጡ ለተጫዋቾች ነጻነት ጠቃሚ ቢሆንም በትንሽ ክለብ ላይ የማስረዳት ሸክም ይጨምራል። ማግባባቱ የሚካሄደው በስልክና በአማላጅ በመሆኑ፣ አቤቱታ አቅራቢው የተመዘገበ ውል፣ ቀን የተጻፈበት ተቃውሞና የተጫዋቹ ቃል ከሌለው ክርክሩ ከአሉባልታ አያልፍም። አንቀጽ 17(5) ውል እንዲፈርስ የሚያመቻች ማንኛውም በፊፋ ደንብ የሚገዛ ሰው እንደሚቀጣ ስለሚደነግግ፣ ፈቃድ ያለው ወኪልም ሊጠየቅ ይችላል። ከደንቡ ሥርዓት ውጭ የሚሠራ ደላላ ግን በዚህ መንገድ አይደረስበትም።

ውል የሌለው ታዳጊ

በአንቀጽ 2 መሠረት ፕሮፌሽናል የሚባለው የጽሑፍ ውል ያለውና ከወጪው በላይ የሚከፈለው ተጫዋች ብቻ ነው። በገደብ በታዳጊዎች ፕሮጀክት የሚሠለጥን ልጅ፣ አሠልጣኙ ዓመታት ቢደክሙበትም፣ በአንቀጽ 18(3) አይጠበቅም። ለዚህ የሚሆነው መፍትሔ ልጁን ማሰር አይደለም። የፊፋ ደንብ አንቀጽ 1(2) ፌዴሬሽኖች ወጣቶችን የሚያሠለጥኑ ክለቦች ዋጋቸውን የሚያገኙበትን ሥርዓት እንዲዘረጉ ያዛል። ልጁ በነጻነት ሲሄድ ያሳደገው ክለብ ድርሻውን ካገኘ፣ መሄዱ ለሁለቱም ወገን ኪሳራ አይሆንም።

ማጠቃለያ

ክልከላው አለ፤ የጎደለው መለኪያ ነው። በፌዴሬሽኑ በኩል ሳያሳውቁ ለማነጋገር፣ አነጋግሮ ለማስፈረምና ውል ለማስፈረስ ደረጃ በደረጃ የሚያድግ ቅጣት አስቀድሞ መወሰን ይገባል። በክለቦች በኩል ውልን በጽሑፍ አድርጎ ማስመዝገብና እያንዳንዱን ጥያቄ በደብዳቤ መመለስ ያስፈልጋል። ክለቡ ደመወዝ በወቅቱ መክፈሉም የዚሁ አካል ነው፤ ለወራት ያልተከፈለው ተጫዋች ውሉን ለማቋረጥ በቂ ምክንያት ሊኖረው ስለሚችል፣ ራሱ ውሉን ያላከበረ ክለብ ሌላውን ለመክሰስ የሚቆምበት መሠረት ይሳሳል።